ፈረሶቹ ጋ ለቀረው ወንድሜ፦ ጎድ ኦፍ ዋርን ከየት ትቀጥላለህ?

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ሰላም ጋሼ። በ2001 ዓ.ም ደሴ ስማር ጌም ቤት እየገባሁ ጎድ ኦፍ ዋር 2ን እጫወት ነበር። ትልልቆቹ የድንጋይ ፈረሶች ያሉበት ቦታ፣ ጦር የያዘው ሰውዬ ላይ ቀረሁ። ሴቭ ያደረግኩት ጠፋብኝ፤ በንዴት ተውኩት። አሁን አግብቼ የ7 ዓመት ልጅ አለኝ። ሰሞኑን ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ገዛሁ። ሱቅ ስሄድ ሦስት ዓይነት የጎድ ኦፍ ዋር ሲዲ አለ። አንዱ ‹ከመጀመሪያው ጀምር› ይለኛል፤ አንዱ ‹አዲሱን ግዛና ተገላገል›፤ ሌላው ‹የድሮውን ዩቲዩብ ላይ እየው›። ገንዘቤ ለጊዜው ለአንድ ሲዲ ነው የሚበቃው። ከየት ልጀምር?»

ወንድሜ፣ አብሽር። መልሱ አጭር ነው፤ ምክንያቱ ግን ትንሽ ይረዝማል።

ሦስተኛውን ግዛ። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ «ጎድ ኦፍ ዋር 3 ሪማስተርድ» ተብሎ የወጣውን። እሱን ስትጨርስ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣውን ጎድ ኦፍ ዋር ትገዛለህ። የሱ ቀጣይ የሆነው ራግናሮክ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ብዙ ሰው ከ2018ቱ ጀምር እንደሚልህ አውቃለሁ። ጌሙን ነክቶ ለማያውቅ ሰው እኔም እንደዚያው ነው የምለው። አንተ ግን መንገድ ላይ የቀረህ ሰው ነህ። መንገድ ላይ የቀረ ሰው ደግሞ ከቀረበት አካባቢ ሲነሳ ነው የሚቀናው።

ያኔ እኔም ደሴ ላይ ጌም ቤት ነበረኝ። ዛሬ የምሠራው ጥገና ነው። ስለዚህ «ሴቭ ያደረግኩት ጠፋብኝ» ስትል ምን እንደተሰማህ በደንብ ይገባኛል። የፕሌይስቴሽን 2 ሚሞሪ ካርድ 8 ሜጋባይት ብቻ ነው የሚይዘው። እኔ ቤት ሦስት ማሽን ነበር፤ ካርዱ ግን ሁለት። ግድግዳው ላይ የደብተር ወረቀት ለጥፌ የትኛው ቦታ የማን እንደሆነ በእስክሪብቶ እጽፍ ነበር። ቅዳሜ ቤቱ ሲሞላ ግን ማን ያነበዋል? አንዱ ቸኩሎ የሌላውን ላይ ይደርብበታል። በማግስቱ ባለቤቱ ይመጣል፤ ዝርዝሩን ከፍቶ ያያል፤ ጆይስቲኩን ቀስ አድርጎ ያስቀምጥና ይወጣል። አይጮህም። እኔን የሚያሳዝነኝ ያ ዝም ብሎ መውጣቱ ነበር። የሳምንት የኪስ ገንዘቡ እኮ ነው የተደመሰሰው።

ያ ጦር የያዘው ሰውዬ ቴሲየስ ይባላል፤ የፈረሶቹ ጠባቂ ነው። መጀመሪያ ፊት ለፊት ይገጥምሃል። ሲዳከም ላይ ይወጣና ከላይ ይተኩሳል፤ የበሬ ራስ ያላቸው ሚኖታውሮች ይለቅብሃል። አንተ ከታች ሆነህ በቀስት ትመልሳለህ። እዚያ ላይ የቀረኸው አንተ ብቻ አይደለህም። የብዙ ልጅ ሒሳብ እዚያ ሰውዬ ላይ ነው ያለቀው።

እሺ፣ «ከመጀመሪያው ጀምር» የሚለውን ምክር እንየው። ፕሌይስቴሽን 4 የፕሌይስቴሽን 2ን ሲዲ አያነብም፤ የፕሌይስቴሽን 3ንም አያነብም። የ2005ቱ አንደኛውና የ2007ቱ ሁለተኛው ፕሌይስቴሽን 4 ላይ በሲዲ አልወጡም። ሁለቱ በአንድ ላይ ታድሰው በ2009 እ.ኤ.አ. የወጡት ለፕሌይስቴሽን 3 ነው። ፕሌይስቴሽን 3 ያለው ጓደኛ ካለህ ተበደርና ተጫወት፤ ደስ ይለኛል። ከሌለህ ግን ለዚህ ብለህ ሌላ ማሽን አትግዛ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። የመጀመሪያውም የ2018ቱም ስማቸው «ጎድ ኦፍ ዋር» ነው፤ ቁጥር የላቸውም። ሱቅ ገብተህ «ቁጥር የሌለውን፣ የመጀመሪያውን ስጠኝ» ብትል የሚሰጡህ የ2018ቱን ነው። ሽፋኑ ላይ ጺማሙ ሰውዬና አንድ ልጅ ካሉ እሱ ነው። አንዳንድ ሻጮች «አራተኛው» ይሉታል። ከመጀመሪያው የጀመሩ መስሏቸው ይህን ገዝተው እኔ ጋ የመጡ አሉ። ታሪኩ ግራ ገብቷቸው ሲዲው የተበላሸ ይመስላቸዋል።

ያለፈውን ሳላውቅ ሦስተኛው እንዴት ይገባኛል እንዳትል፣ እኔ አጫውትሃለሁ። የሁለተኛውን መጨረሻም እነግርሃለሁ፤ ካለሱ ሦስተኛው አይገባህም።

የጌሙ ባለታሪክ ክሬቶስ የስፓርታ ጦር መሪ ነው። አንድ ቀን ጦርነት ላይ ተሸንፎ አንገቱ ሊቀላ ሲል የጦርነቱን አምላክ ኤሪስን ጠራ። ጠላቶቹን ካጠፋለት ነፍሱን ሊሰጠው ተዋዋለ። ኤሪስ መጣ፤ ሁለቱን ሰይፎች ሰጠው። ሰንሰለታቸው ክንዱ ላይ በእሳት ተጣበቀ። ከዚያ ክሬቶስ የታዘዘውን ሁሉ ገዳይ ሆነ። አንድ ሌሊት አንድ መንደር ውስጥ ገብቶ፣ ቤተ መቅደስ ውስጥ ያገኘውን ሁሉ ጨረሰ። ሲነጋለት መሬት ላይ የወደቁት ሚስቱና ሴት ልጁ ነበሩ። ኤሪስ ነው አታሎ ያመጣቸው። የዚያ መንደር ጠንቋይ ረገመችው፤ የሚስቱና የልጁ አመድ ገላው ላይ ተለጥፎ ቀረ። ያ ነጭ መልኩ ቀለም አይደለም፤ የቤተሰቡ አመድ ነው። ጌም ቤት ውስጥ ሲጫወቱ ከነበሩት ልጆች ይህን የሚያውቅ ጥቂት ነበር። እንግሊዝኛውን ማን ይሰማል? ድምፁም በጫጫታው ይዋጣል።

የመጀመሪያው ጌም ኤሪስን ገድሎ ዙፋኑ ላይ ሲቀመጥ ያበቃል። ሁለተኛውን ጅማሬውን አንተም ታውቀዋለህ፤ ሮድስ ከተማ ላይ ግዙፉ ሐውልት የሚነሳበት። የአማልክቱ ንጉሥ ዚየስ እዚያ ክሬቶስን አታሎ ጉልበቱን አንድ ሰይፍ ውስጥ እንዲያስገባ ያደርገውና በዚያው ሰይፍ ይገድለዋል። ጋያ፣ ከአማልክቱ በፊት ከነበሩት ግዙፍ ቲታኖች አንዷ፣ ታነሳዋለች። ወደ ኋላ ተመልሶ ዚየስን ለመበቀል ዕጣ ፈንታን የሚፈትሉትን እህትማማቾች ፍለጋ ይሄዳል። ፈረሶቹ በዚያ መንገድ ላይ ናቸው። አንተ እዚህ ቀረህ። ከዚህ በኋላ እህትማማቾቹን ያሸንፋል፤ ጊዜን ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ዚየስን ሊገድለው ሲል አምላኳ አቴና መሀል ትገባና በሱ ሰይፍ ትሞታለች። ልትሞት ስትል ዚየስ አባቱ እንደሆነ ትነግረዋለች። ክሬቶስ ወደ ጥንት ይሄድና ቲታኖቹን ይዞ ይመጣል። መጨረሻው ላይ ጋያ ጀርባ ላይ ቆሞ ኦሊምፐስ ተራራን ሲወጡ ይታያል። «ልጅህ ተመልሷል» ብሎ ወደ ላይ ይጮሃል። እዚያው ላይ ተቆረጠ።

ሦስተኛው የሚጀምረው ከዚያችው ደቂቃ ነው። ተራራው ላይ፣ ጋያ ጀርባ ላይ። የወጣው በ2010 እ.ኤ.አ. ለፕሌይስቴሽን 3 ነበር። በ2015 ታድሶ ለፕሌይስቴሽን 4 መጣ። ምስሉ ጠርቷል፤ እንቅስቃሴውም ለስልሷል፤ ታሪኩ ግን ያው ነው። 10 ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጀው። ሥራና ልጅ ላለው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ማታ ማታ አንድ አንድ ሰዓት ብትጫወት በሁለት ሳምንት ትጨርሰዋለህ።

አሁን ዋናውን ምክንያቴን ልንገርህ። እሱ እጅህ ነው።

አንተ ረስቼዋለሁ ትላለህ፤ አውራ ጣትህ ግን አልረሳም። ካሬ፣ ካሬ፣ ሦስት ማዕዘን። በጆይስቲኩ ቀኝ ዱላ መንከባለል። በኤክስ መዝለል። ካሜራው ራሱ ይከተልሃል፤ አንተ አትነካውም። ሦስተኛው ላይ ይህ ሁሉ እንዳለ ነው። ጆይስቲኩን ስትይዝ አምስት ደቂቃ አይፈጅብህም።

የ2018ቱ ላይ ግን ሁሉም ተገለባብጧል። መምቻው አር1 እና አር2 ነው። መዝለያ የሚባል ቁልፍ የለም። ቀኝ ዱላው ካሜራውን ያዞራል፤ ማምለጫው ወደ ኤክስ ሄዷል። ካሬ ደግሞ የልጁን ቀስት ያስተኩሳል። አንድ ደንበኛዬ ማሽኑን ሊሞክር ሱቄ ተቀምጦ ጀመረው። እንዳንተ ፕሌይስቴሽን 2 ላይ ያደገ ሰው ነው። ጠላት በመጣ ቁጥር ካሬን ይደበድባል። ልጁ ቀስት ይወረውራል፤ ክሬቶስ ቆሞ ይደበደባል። ሊሸሽ ቀኝ ዱላውን ሲገፋ ካሜራው ሰማይ ያሳየዋል። ሦስት ጊዜ ሞተና «ጌሙን አበላሽተውታል» ብሎ ተነሳ። ጌሙ አልተበላሸም። እጁ የድሮው ቤት ውስጥ ነበር። የድሮውን ነገር ጨርሶ፣ ጠግቦ ቢመጣ ኖሮ አዲሱን እንደ አዲስ ይማረው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የድሮ ተጫዋች ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የማየው እጁን ነው።

ሁለት ነገር ግን ሳልነግርህ አልሸጥልህም።

አንደኛው ልጅህ ነው። ሦስተኛው ልጅ ፊት የሚከፈት ጌም አይደለም። በጅማሬው ላይ ክሬቶስ ከባሕሩ አምላክ ከፖሲዶን ጋር ይዋጋል። መጨረሻ ላይ የፖሲዶንን ዓይን ሲያጠፋው፣ ነገሩን የምታየው በፖሲዶን ዓይን ነው። ሁለቱን ዱላዎች ወደ ውስጥ የምትጫነው ደግሞ አንተ ነህ። ለአዋቂም ይከብዳል። ሌላም ለልጅ ዓይን የማይሆን ነገር አለበት። ስለዚህ ልጁ ሲተኛ ብቻ። «አይገባውም» ብለህ አትለፈው፤ የ7 ዓመት ልጅ ብዙ ነገር ይገባዋል።

ሁለተኛው መብራት ነው። ይህን ሌላ አገር ያለ መካሪ አይነግርህም፤ እኛ ጋ ግን ግማሹ ጨዋታ እሱ ነው። ሦስተኛው እንደ ድሮዎቹ ሴቭ የሚደረገው ቦታ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ያ የብርሃን ዓምድ ትዝ ይልሃል? እሱ ጋ ደርሰህ ካልከፈትከው የተጫወትከው ሁሉ አልተመዘገበም። ብትሞት ከቅርብ ቦታ ይመልስሃል። መብራት ከጠፋ ግን ከመጨረሻው ዓምድ ወዲህ የሠራኸው ሁሉ ሄደ። ስለዚህ ዓምድ ባየህ ቁጥር ሳትሰስት ክፈተው። «ትንሽ ልሂድና» አትበል። አንድ ጊዜ ሴቭህ ጠፍቶብሃል፤ ሁለተኛ እንዲደርስብህ አልፈልግም።

ከቻልክ ትንሽ ዩፒኤስ፣ ማለትም የመብራት መጠባበቂያ ባትሪ፣ ግዛ። 650 ቪኤ የሚባለው ማሽኑንና ቴሌቪዥኑን ለጥቂት ደቂቃ ይይዛል። ለመጫወት አይበቃም፤ ሴቭ አድርጎ በሥርዓት ለመዝጋት ግን ይበቃል። ፕሌይስቴሽን 4 በድንገት ሲጠፋ፣ በሚቀጥለው ሲበራ «በትክክል አልተዘጋም» ብሎ ሀርድ ዲስኩን ይፈትሻል። አንድ ሁለት ጊዜ ችግር የለውም። በየሳምንቱ ከሆነ ግን ሀርድ ዲስኩ ይጎዳል፤ ለጥገና ከሚመጡልኝ ማሽኖች ብዙዎቹ በዚህ የተጎዱ ናቸው። ደግሞ ማታ ስትጨርስ ሙሉ በሙሉ ዝጋው። ብርቱካንማው መብራት በርቶ ከቀረ ማሽኑ አልጠፋም፤ ተኝቷል ማለት ነው። ሌሊት መብራት ቢሄድ ያው ጉዳት ነው። ኮምቦልቻ ደግሞ እንደ ደሴ ብርድ የለም፤ ማሽኑን ቁም ሳጥን ውስጥ አትዝጋበት። ኋላው ይተንፍስ።

ወደ ጌሙ ልመለስ። ሦስተኛውን ስትጨርስ አንድ ሳምንት ዕረፍት አድርግ። ከዚያ የ2018ቱን ክፈት።

እሱ ላይ ክሬቶስ ሸምግሏል። ግሪክን ትቶ ሰሜን፣ በረዶ አገር ገብቷል። ጌሙ ሲጀምር የሚያደርገው ምንድን ነው? እንጨት መቁረጥ። በመጥረቢያ፣ ቀስ ብሎ። የሚቆርጠው ዛፍ ላይ የእጅ ቅርጽ አለ፤ ሚስቱ ናት ያደረገችው። መዳፉን እዚያ ላይ ያሳርፋል። እንጨቱ ለሷ አስከሬን ማቃጠያ ነው። አመዷን ከሁሉ ከፍ ያለ ተራራ ላይ እንዲበትኑት ተናዛለች። እሱና ልጁ አትሬየስ ይዘው ይወጣሉ። ጌሙ ይኸው ነው። ካሜራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቆረጥ ይከተላቸዋል።

ክንዱን እየው። በጨርቅ ተጠቅልሏል። ከሦስተኛው ላልመጣ ሰው ያ ጨርቅ የልብስ ጌጥ ነው። አንተ ግን ከሥሩ ምን እንዳለ ታውቃለህ፤ ሰንሰለቱ የተጣበቀበት ጠባሳ ነው። ልጁ አያውቅም። አባቱ ማን እንደነበረ፣ ስንት እንደገደለ ማንም አልነገረውም። አንተ ታውቃለህ፤ እሱ አያውቅም። ሦስተኛውን አስቀድም የምልህ ለዚህ ጭምር ነው።

መጀመሪያ አካባቢ አጋዘን ያድናሉ። ልጁ ቸኩሎ ይተኩስና ይስታታል፤ አባትዬው ይቆጣዋል። ሁለተኛ ሲያገኟት ይመታታል፤ ግን አልሞተችም። አባቱ ቢላዋውን ሰጥቶ ጨርሳት ይለዋል። ልጁ እጁ ይንቀጠቀጣል። ክሬቶስ እጁን በእጁ ላይ አድርጎ ይረዳዋል። ከዚያ ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ፣ ከኋላው እጁን ዘርግቶ ትከሻውን ሊነካው ይደርሳል። አይነካውም። እጁን ይመልሳል። አንድ ቃል አልተነገረም። እኔ ይህን ያየሁ ቀን ጆይስቲኩን አስቀምጬ ወጥቼ ቆሜያለሁ። የማቀፍ ልማድ የሌለው አባት ያሳደገው ሰው ሁሉ ያችን እጅ ያውቃታል።

መሀል ላይ ደግሞ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ሰዓት አለ። ከወለሉ ሥር አንድ ነገር ያወጣል። ምን እንደሆነ አልነግርህም። ፕሌይስቴሽን 2 ላይ ካሬን የደበደበ ጣት ግን ያውቀዋል።

ሴቭ ማድረግም እዚህ ተሻሽሏል። ራሱ እየመዘገበ ይሄዳል፤ ውጊያ ላይ ካልሆንክ አንተም በፈለግክ ሰዓት ማድረግ ትችላለህ። የክብደት ደረጃ ሲጠይቅህ ሁለተኛውን፣ መካከለኛውን ምረጥ። የመጨረሻውን ከባዱን ከመረጥክ መሀል ላይ መቀየር አይቻልም። የጽሑፍ ትርጉሙን አብራው፤ የክሬቶስ ድምፅ ወፍራም ነው፤ ንግግሩም አጭር። ኢንተርኔት ላይ ሳይታደስ ከሲዲው ብቻ ከጫንከው ጽሑፉ ደቃቅ ይሆንብሃል፤ ወንበርህን ጠጋ አድርግ።

ራግናሮክ በ2022 የወጣ ቀጥታ ቀጣዩ ነው። ሱቅ ያለው ሰው «አዲሱ ነው» ብሎ ቢገፋፋህ እሺ አትበለው። መግቢያው ላይ ያለፈውን የሚያስታውስ አጭር ማጠቃለያ አለው፤ ማጠቃለያ ግን አጋዘኗን አያሳይህም። በ2023 መጨረሻ ቫልሃላ የሚባል ነፃ ተጨማሪ ወጥቶለታል። የግሪኩን ዘመን መልሶ ያነሳል፤ በኢንተርኔት ማውረድ ግን ይጠይቃል።

ፒኤስፒ ለሚባለው የእጅ ማሽን የወጡትንና በ2013 የወጣውን አሴንሽን የሚባለውን እለፋቸው። ያለፈ ታሪክ ነው የሚያወሩት፤ ምንም አይጎድልብህም።

ዩቲዩብን በተመለከተ፣ ለአንደኛው ተጠቀምበት። የታሪኩን ክፍሎች ብቻ የሰበሰቡ ቪዲዮዎች አሉ። ሦስተኛውን ግን አትየው፤ ተጫወተው። ያ ጌም የሚያስጨንቅህ አድራጊው አንተ ስለሆንክ ነው። ቁጭ ብለህ ስታየው የሌላ ሰው ኃጢአት ይሆንብሃል።

ለሌሎች ተከታታይ ጌሞች ይህ ምክሬ አይሠራም። ፋይናል ፋንታሲ ቁጥሩ ቢበዛም አብዛኛው የየራሱ ታሪክ ነው፤ ከደስ ያለህ ግባ። ጂቲኤም ያው፤ ሳን አንድሪያስን ያልጨረሰ ሰው 5ን ቢጀምር የሚጎዳው ነገር የለም። ጎድ ኦፍ ዋር ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የአንድ ሰው ዕድሜ ነው።

ሲዲውን ስትገዛ ወደ ብርሃን አዘንብለህ ጀርባውን እየው። ቀጫጭን ጭረት ብዙ ጊዜ አይጎዳም። ከመሀል ወደ ዳር የተሰነጠቀ ከሆነ ግን አትንካው። ሻጩ ማሽን ካለው እዚያው አስገብተህ ጭነቱ እስከ መጨረሻ መሄዱን እይ።

አንድ ነገር ቀረኝ። የድሮው ፕሌይስቴሽን 2 አሁንም እኔ ጋ አለ፤ ይሠራል። ከሁለቱ ሚሞሪ ካርዶች አንዱም ተርፏል። ትናንት ጥያቄህን እንዳነበብኩ አውጥቼ ከፈትኩት። ሦስተኛው ቦታ ላይ የማን እንደሆነ የማላውቀው ሴቭ አለ፤ ፈረሶቹ ጋ ሊደርስ ጥቂት የቀረው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ሲዲውን ከመክፈትህ በፊት አንድ ቅዳሜ ብቅ በል። ቡና ጀባ እልሃለሁ፤ አንተ ደግሞ ያን ሰውዬ ትጨርሰዋለህ።